ስናይፕ አይቲ ለመንግሥት ንብረት መዝገብ ይሆናል ወይ? ስለ ተጨማሪ መስኮቹ የቀረበ ግምገማ

በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ተቋም የኮምፒዩተር፣ የላብራቶሪና የቢሮ ዕቃዎችን ምዝገባ ከባሕር መዝገብና ከኤክሴል አውጥተን ወደ ስናይፕ አይቲ ካዛወርን ወዲህ፣ ከደብረ ሲናም ሆነ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማም ሆነ ከአረርቲ የሚደውሉ የሙያ ባልደረቦች የሚያስቀድሙት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሶፍትዌሩ ሞዴል 19ን (የንብረት ገቢ ደረሰኝን) እና ሞዴል 22ን (የንብረት ወጪ ደረሰኝን) ያውቃል ወይ? አያውቅም። ሆኖም እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግምገማም በአብዛኛው የሚያተኩረው እንዲያውቅ በሚደረግበት መንገድ ላይ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የራሱን ተጨማሪ መስኮች መፍጠርና በኋላም ማሻሻል በሚያስችለው ክፍሉ ላይ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፣ ስናይፕ አይቲ ግሮካቢሊቲ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሚያዘጋጀው የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። ምንጩ ክፍት ሲሆን የሚሰራጨውም በኤ.ጂ.ፒ.ኤል. 3 ፈቃድ ነው፤ በመሆኑም ሰርቨርና ሊያስተዳድረው የሚችል ባለሙያ ያለው መሥሪያ ቤት ምንም ሳይከፍል ሊጭነው ይችላል። የተሠራው በፒኤችፒ ቋንቋ፣ በላራቬል ማዕቀፍ ላይ ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጠው በማይኤስኪውኤል ወይም በማሪያዲቢ ነው። እኛ የጫንነው በግቢው የውስጥ ኔትወርክ ላይ በመሆኑ የኢንተርኔት መቋረጥ ሥራውን አያስቆመውም፤ በሰሜን ሸዋ ዞን ላሉ መሥሪያ ቤቶች ይህ አንዱ ብቻውን ሶፍትዌሩን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የዕቃ መለያ ቁጥር፣ የፋብሪካ ተከታታይ ቁጥር፣ የግዥ ቀን፣ ዋጋ፣ አቅራቢ፣ የዋስትና ጊዜና የሚገኝበት ሁኔታ አስቀድመው የተዘጋጁ መስኮች ናቸው። ዕቃውን ለሠራተኛ፣ ለቦታ ወይም ለሌላ ዕቃ ማስረከብና መልሶ መረከብ ይቻላል፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴም በታሪኩ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። በዚህ ረገድ የማነሳው ቅሬታ የለኝም።

የተጨማሪ መስኮቹ አሠራር ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ መስኩ ራሱ ይፈጠራል፦ ስሙ፣ መሙያው የጽሑፍ ሳጥን ወይም የምርጫ ዝርዝር መሆኑ፣ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚቀበል ይወሰናል። ቀጥሎ መስኮቹ ፊልድሴት በሚባል ስብስብ ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ መስክ በብዙ ፊልድሴቶች ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ግዴታ መሆኑና በስንተኛ ተራ እንደሚታይ የሚወሰነውም በፊልድሴቱ ውስጥ ነው። በመጨረሻም ፊልድሴቱ ከዕቃው ሞዴል ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ ሞዴል ማለት የንብረት ቅጹ ሳይሆን የዕቃው የፋብሪካ ዓይነት ነው፤ ለምሳሌ አንድ የተወሰነ የላፕቶፕ ወይም የፕሪንተር ስሪት ማለት ነው።

ግዴታነቱ በመስኩ ላይ ሳይሆን በፊልድሴቱ ላይ መወሰኑ በጥንቃቄ የታሰበበት አሠራር ነው። የሞዴል 19 ቁጥር በግዥ ለሚገባ ላፕቶፕ ግዴታ ሊሆን ይገባዋል፤ ከብዙ ዓመት በፊት ገብቶ ወረቀቱ ለጠፋ የላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ ግን ግዴታ ብናደርገው መዝጋቢው የውሸት ቁጥር ለመጻፍ ይገደዳል። ሁለት ፊልድሴት አዘጋጅቶ ያንኑ መስክ በአንዱ ግዴታ፣ በሌላው አማራጭ ማድረግ ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል።

በአንጻሩ ፊልድሴቱ ከዕቃው ምድብ ጋር ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሞዴል ጋር መያያዙ ያልተቋረጠ ክትትል ይጠይቃል። ላፕቶፕ የሚባለው ምድብ የራሱ መስኮች የሉትም፤ መስኮቹ ያሉት በምድቡ ሥር ባለ እያንዳንዱ ሞዴል ላይ ነው። አዲስ ግዥ በተፈጸመ ቁጥር አዲስ ሞዴል ይፈጠራል፤ ሞዴሉን የፈጠረው ሠራተኛ ፊልድሴቱን መምረጥ ከረሳ ደግሞ በዚያ ሞዴል የሚመዘገቡ ዕቃዎች በሙሉ የሞዴል 19 ቦታ ሳይኖራቸው ይገባሉ፤ ሶፍትዌሩም ይህ ጎደለ ብሎ አያስታውስም። ስለዚህ ሞዴል የመፍጠር ሥልጣን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ብቻ እንዲሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ። የሥልጣን አሰጣጡ ይህን ለመለየት የሚያስችል መሆኑም ሊመሰገን ይገባዋል።

ወደ መረጃው ዓይነት ስንመጣ፣ እያንዳንዱ መስክ የሚቀበለውን ነገር የሚወስኑ ዝግጁ ቅርጾች አሉ፦ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ፊደል ብቻ፣ ቁጥር ብቻ፣ ፊደልና ቁጥር፣ ኢሜይል፣ ቀን፣ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የአይፒ አድራሻ፣ የማክ አድራሻ (የኮምፒዩተሩ የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) እና ሌሎችም። ሁሉም በስማቸው እንደሚታሰበው አይደሉም። ፊደል ብቻ የሚለው ቅርጽ የግዕዝ ፊደላትን ያለ ችግር ይቀበላል፤ ባዶ ቦታን ግን አይቀበልም። በመሆኑም አንኮበር ብሎ የጻፈ ያልፋል፣ ደብረ ብርሃን ብሎ የጻፈ ግን ይመለስበታል፤ መዝጋቢውም ችግሩ ከአማርኛው የመጣ ሊመስለው ይችላል። የማክ አድራሻው ቅርጽ ደግሞ የቁጥርና የፊደል ጥንዶቹ በሁለት ነጥብ (:) እንዲለያዩ ይጠይቃል፤ ዊንዶውስ ግን ያንኑ አድራሻ በአጭር ሰረዝ እየለየ ስለሚያሳይ፣ ከኮምፒዩተሩ ላይ ገልብጦ የለጠፈ ሠራተኛ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ስሕተት ነው ይባላል። እነዚህን ሁለቱን በመስኩ ሥር በሚታየው የማብራሪያ ጽሑፍ መከላከል ይቻላል፤ ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፍ ስለሚቻል፣ መስኩን ሲፈጥሩ ይህን ቦታ ባዶ ባይተዉት መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን የቀን ጉዳይ ነው። የሶፍትዌሩ ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሞዴል 19 የሚቆረጠው፣ ቆጠራ የሚካሄደው፣ ኦዲተር የሚጠይቀውም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። ለኢትዮጵያ ቀን ተጨማሪ መስክ ፈጥሮ ቀን የሚለውን ዝግጁ ቅርጽ መምረጥ በመጀመሪያ እይታ ተገቢ ቢመስልም አደገኛ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017 በቁጥር ሲጻፍ 2017፣ 02፣ 30 ይሆናል፤ ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚያነበው ሠላሳኛ ቀን የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜን 3 ደግሞ ወሩ 13 ስለሚሆን ፈጽሞ አያልፍም። የሚያልፉት ናቸው ይልቁንም ይበልጥ የሚያሳስቡት፦ የካቲት 12 ቢጻፍ ስድስተኛው ወር ጁን ነውና ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል፤ መዝገቡም ሁለት አቆጣጠር የተቀላቀለበት ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው በሶፍትዌሩ ውስጥ አለ። ከዝግጁዎቹ ቅርጾች ጎን ተጠቃሚው ራሱ የሚያወጣው የቅርጽ ደንብ፣ በባለሙያዎች አጠራር ሬጀክስ፣ ማስገባት ይቻላል። ደንቡ አራት አሃዝ ዓመት፣ ከ01 እስከ 13 ወር፣ ከ01 እስከ 30 ቀን፣ በመካከላቸውም ሰረዝ እንዲኖር ያዛል። ጠንቃቃ የሆነ ሰው ወሩ 13 ሲሆን ቀኑ ከ06 እንዳይበልጥ የሚያደርግ ቅርንጫፍ ሊጨምርበት ይችላል፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ አለበለዚያ ጳጉሜን 12 የሚል ቀን ማንም ሳያስተውል ይገባል። ዓመቱ ቀድሞ፣ ወሩና ቀኑም በሁለት በሁለት አሃዝ ስለሚጻፉ ዝርዝሩን በቅደም ተከተል መደርደር ሲያስፈልግ ትክክለኛውን ተራ ይይዛል። የሚቀረው ጉድለት፣ ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን መስክ እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚመለከተው የዋስትና ጊዜ ሊያልቅ ነው የሚል ማሳሰቢያ ከእርሱ ተነሥቶ መላክ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ዝግጁ የሆነውን የግዥ ቀን በጎርጎርዮሳዊው፣ የሞዴል 19ን ቀን በእኛው አቆጣጠር ጎን ለጎን መያዝ ግድ ይላል። ድርብ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንደኛው ለማሳሰቢያው፣ ሁለተኛው ለኦዲት የሚያስፈልግ በመሆኑ የሚተው የለም።

የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ቁጥሮችን በተመለከተ፣ የግምጃ ቤት ኃላፊያችን ገና በሙከራው ወቅት «ልጄ፣ ቁጥሩ ከፓዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ካልታየኝ እኔ በዚህ መዝገብ ላይ አልፈርምም» ብለውኝ ነበር፤ ትክክል ነበሩ። በደረሰኝ ላይ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፊቱ ዜሮዎች አሉት። ስናይፕ አይቲ የተጨማሪ መስኮችን ይዘት በጽሑፍ መልክ ስለሚያስቀምጥ፣ ቁጥር ብቻ የሚለው ቅርጽ ቢመረጥ እንኳ ዜሮዎቹን አይነካቸውም። ዜሮዎቹን የሚያጠፋው ኤክሴል ነው፦ ነባሩን ዝርዝር በሲ.ኤስ.ቪ. ፋይል ለማስገባት ሲዘጋጁ ዓምዱ አስቀድሞ ጽሑፍ ተብሎ ካልተሰየመ፣ 004512 የነበረው 4512 ሆኖ ይወጣል። በማስገቢያው ገጽ ላይ እያንዳንዱን የፋይሉን ዓምድ ከሚመለከተው መስክ ጋር ማዛመድ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሞዴሎቹ ከፊልድሴቱ ጋር ካልተያያዙ የገባው መረጃ በዕቃው ገጽ ላይ ስለማይታይ፣ ከማስገባቱ በፊት ሞዴሎቹን አዘጋጅቶ መጨረስ ይሻላል።

በዕቃው ላይ በቀለም ተጽፎ ለኖረው የድሮ መለያ ቁጥር የተለየ መስክ ከፍቶ እንዳይደገም የሚያደርገውን ምልክት ማብራት ብዙ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ሁለት ወንበሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ቢገኙ ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን አይመዘግብም፤ ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲገለበጥ የኖረ ስሕተትም በምዝገባው ሰዓት ራሱ ይጋለጣል።

መስኮቹን መፍጠር ቀላል ነው፤ ከፈጠሩ በኋላ መለወጥ ግን እንደ ጉዳዩ ይለያያል፤ ሶፍትዌሩን ለመቀበል የሚያስብ ሁሉ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቢያውቀው እወዳለሁ። የመስኩን ስም መቀየር መረጃውን አያጠፋም። በፊልድሴት ውስጥ ያለውን ተራ መቀያየርም በመዳፊት ጎትቶ የሚፈጸም ነው። የመረጃውን ቅርጽ መለወጥም ይቻላል፤ ነገር ግን አዲሱ ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ ነባሩን መረጃ አይመረምርም። ቀድሞ የገባው እንዳለ ይቆያል፤ ችግሩ የሚታየው አንድ ሰው ያንን ዕቃ ለማረም ሲከፍተው ነው፤ እርሱ ያልነካው መስክ ከአዲሱ ደንብ ጋር ባለመስማማቱ ገጹ አልመዘግብም ይላል። አማራጭ የነበረን መስክ ግዴታ ማድረግም ተመሳሳይ ውጤት አለው፦ የክፍል ቁጥር ብቻ ለማስተካከል የመጣ ሠራተኛ ፈጽሞ ስለማያውቀው የሞዴል 22 ቁጥር ይጠየቃል። ስለዚህ ግዴታ ከማድረግ በፊት ባዶ የሆኑትን በዝርዝር አውጥቶ መሙላት ይቀድማል።

የምርጫ ዝርዝሮች የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለአንድ መስክ የሚሰጡት ምርጫዎች በየመስመሩ አንድ አንድ እየተጻፉ ይገባሉ፤ በዕቃው ላይ የሚቀመጠው ግን የተመረጠው ቃል ራሱ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «ሸዋ ሮቢት» የሚለውን «ሸዋሮቢት» ብሎ ማስተካከል ቀድሞ የተመዘገቡትን አያስተካክልም፤ ፍለጋውም ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያያቸዋል። አማርኛ ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን እያቀያየርን የምንጽፍበት ቋንቋ በመሆኑ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አጻጻፉ በምርጫ ዝርዝር ተወስኖ ከመጀመሪያው ቢጸና፣ ነጻ የጽሑፍ ሳጥን ከሚያመጣው መዘበራረቅ እጅግ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ዝርዝሩን የሚያጸድቀው የኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻውን ሳይሆን የግዥና ንብረት አስተዳደር ክፍሉ መሆን አለበት። ለቦታ ደግሞ ተጨማሪ መስክ ከመፍጠር ይልቅ ሶፍትዌሩ ያለውን የቦታዎች መዝገብ መጠቀም ይሻላል፤ በዚያ ስሙ አንድ ጊዜ ሲታረም በሁሉም ዕቃዎች ላይ ይታረማል።

ስለ መሰረዝ፦ በፊልድሴት ውስጥ ያለ መስክ አይሰረዝም፤ መጀመሪያ ከፊልድሴቱ መውጣት አለበት። ሞዴሎች የሚጠቀሙበት ፊልድሴትም አይሰረዝም። ይህ መልካም መከላከያ ነው። መስክን ከፊልድሴት ማውጣት መረጃውን ከእይታ ይሰውረዋል እንጂ ከዳታቤዙ አያጠፋውም፤ ቢመለስ መረጃውም አብሮ ይመለሳል። መስኩን ራሱን መሰረዝ ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ መስክ በዕቃዎች ሠንጠረዥ ውስጥ የራሱ የሆነ እውነተኛ ዓምድ አለው፤ መስኩ ሲሰረዝ ዓምዱም ከነይዘቱ ይወገዳል፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ በስተቀር የሚመልሰው የለም። እኔ የማያስፈልገኝን መስክ ከፊልድሴቶቹ አውጥቼ በዝርዝሩ ውስጥ እንዲቆይ አደርጋለሁ፤ ቦታ አያጣብብም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ኦዲተር ቢጠይቅም መልስ ይኖራል።

የይለፍ ቃልና መሰል ምስጢር የሚያዝባቸውን መስኮች መረጃ መመስጠር ይቻላል፤ ይህም የሚወሰነው መስኩ ሲፈጠር ብቻ ነው፤ ኋላ ላይ ማብራትም ማጥፋትም አይፈቀድም። የተመሰጠረ መስክ በፍለጋ አይገኝም፤ ይዘቱንም ልዩ ፈቃድ የተሰጠው ተጠቃሚ ብቻ ያያል። የምስጢሩ ቁልፍ በሰርቨሩ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ያለው የመተግበሪያ ቁልፍ በመሆኑ፣ ዳታቤዙን ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ቁልፉን የረሳ ሰው ሰርቨሩ በተበላሸ ቀን የተመሰጠረውን መረጃ ማንበብ አይችልም። ሁለቱም በተለያየ ቦታ፣ ቢቻል በተለያየ ሕንፃ ይቀመጡ።

አዲስ ዕቃ ሲመዘገብ በየጊዜው የሚደጋገመውን መረጃ በሞዴሉ ላይ አስቀድሞ መሙላት መቻሉም ጠቃሚ ነው። ከአንድ የግዥ ሰነድ የገቡ ብዙ ላፕቶፖች አንድ የሞዴል 19 ቁጥር ካላቸው፣ ቁጥሩን አንድ ጊዜ በመነሻ ዋጋነት አስገብቶ ምዝገባው ሲያልቅ ማንሳት የመዝጋቢውን ድካም ይቀንሳል። መነሻ ዋጋው የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚመዘገቡ ዕቃዎች ብቻ ነው።

ትልቁ ቅር ያሰኘኝ ነገር የሶፍትዌር ፈቃዶችን ይመለከታል። ስናይፕ አይቲ ለፈቃዶች የተለየ መዝገብ አለው፦ የምርት ቁልፍ፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የግዥ ትዕዛዝ ቁጥር፣ ለማን እንደተሰጠ ይመዘገባል፤ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ማሳሰቢያም ይልካል። ነገር ግን እኛ በምንጠቀምበት ዕትም ተጨማሪ መስኮች የሚያገለግሉት ለቋሚ ዕቃዎች ብቻ ነው፤ ለፈቃዶች፣ ለመለዋወጫና ለአላቂ ዕቃዎች አይሠሩም። የሒሳብ ሶፍትዌር ፈቃድም እንደ ላፕቶፑ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሊደረግ የሚገባው ንብረት ነው፤ የገቢ ደረሰኙን ቁጥር የምንጽፍበት ቦታ ግን የለም። ሁለት መንገዶችን ተመልክተናል። አንደኛው ፈቃዱን እንደ ዕቃ ቆጥሮ፣ ሶፍትዌር የሚል ምድብና የራሱን ፊልድሴት ከፍቶ መመዝገብ ነው፤ በዚህ መንገድ መስኮቹ ሁሉ ይገኛሉ፣ ሆኖም ፈቃዱን ለብዙ ሰው ማካፈልና ጊዜው ሊያልቅ ሲል ማሳሰብ ይቀራሉ። ሁለተኛው በፈቃዱ መዝገብ ውስጥ ባለው የማስታወሻ ቦታ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ «ሞዴል 19፦» ብሎ ቁጥሩን ማስፈር፣ የደረሰኙን ስካን ቅጂም ከዚያው መዝገብ ጋር ማያያዝ ነው። ይህ ማጣሪያ ስለሌለው ስሕተት ይገባበታል፤ ቢሆንም ማሳሰቢያውንና የተጠቃሚዎችን ቁጥር ስለሚጠብቅልን የመረጥነው እርሱን ነው። ብዙ ፈቃድ የሌለው፣ ያለውም ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የሆነ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን የመጀመሪያውን ቢከተል ሥራው ይቀልለታል።